ፍላሹን ከካሜራው አናት አውርዱት፦ በአንድ ሶፍትቦክስ ሰው ማንሳት

አክስቴን በፍላሽ ያነሳኋት የመጀመሪያው ፎቶ እስካሁን አለኝ። ቤቷ መንዝ ነው፣ ሞላሌ አካባቢ። ጊዜው ጥር፣ የሰርግ ሰሞን። ጥበብ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችልኝ። እኔም አዲሱን ፍላሽ ካሜራው አናት ላይ ሰክቼ ቀጭ አደረግኩ። ፎቶውን ስናየው ነጠላው ድፍን ነጭ ሆኗል፤ ጥበቡ ጠፍቷል። ግንባሯ ያብረቀርቃል። ከጆሮዋ ጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ተለጥፏል። አየት አደረገችውና «ምነው ልጄ፣ የመታወቂያ ፎቶ አስመሰልከኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፍላሹ ግን ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያለቦታው ሰክቼዋለሁ። ካሜራው አናት ላይ ያለ ፍላሽ ሌንሱ በሚያይበት አቅጣጫ በቀጥታ ይረጫል። አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ አገጭ እኩል ይበራሉ። ጥላ ከሌለ ቅርጽ የለም። በዚያ ላይ የፍላሹ ፊት ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ትንሽ የብርሃን ምንጭ ደግሞ ጥላውን እንደ ምላጭ ስለታም ያደርገዋል።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። ፍላሹን ከካሜራው ማውረድና ምንጩን ማስፋት። ማውረዱ በትሪገር ነው፣ ካሜራው አናት ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከሩቅ በሬዲዮ በሚያዘው ዕቃ፤ ማስፋቱ በሶፍትቦክስ፣ የፍላሹን ብርሃን ተቀብሎ በነጭ ጨርቅ በሚያሰፋው ሳጥን። የሚከተለው ካሜራ ላለው፣ ፍላሽ ግን ገና ለሚጀምር ሰው የተጻፈ ነው። መብራት አንድ ብቻ። ሁለተኛ መብራት የሚያስፈልጋችሁ አንዱን ስትጠግቡት ነው።

እኛ አገር ለምን?

ደብረ ብርሃን ስሟ ራሱ ብርሃን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደቆረቆሯት ይነገራል። ለፎቶ አንሺ ግን ይሄ ብርሃን አስቸጋሪ ነው። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስና ንጹሕ ነው። ሰማዩ ኩልል ሲል ፀሐይዋ ትበረታለች፣ ጥላውም ይጠቁራል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትቆም የሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ባርኔጣ ካደረገማ ግማሽ ፊቱ የለም።

ቤት ስትገቡ ተቃራኒው ይጠብቃችኋል። ብርዱን ለመከላከል ሲባል መስኮቱ ትንሽ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ከውጭ ገብቶ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ምንም አይታይም። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ወደ 6400 ብትሰቅሉት ፎቶው ጥራጥሬ የተበተነበት ይመስላል። አንድ ፍላሽና አንድ ሶፍትቦክስ እዚህ ነው ዋጋቸው የሚታወቀው።

ምን ልግዛ?

ዕቃው አምስት ነው። ፍላሽ፣ ትሪገር፣ ስታንድ፣ ፍላሹን ስታንዱ ላይ የሚይዝ ብራኬት፣ ሶፍትቦክስ።

ፍላሹ ውድ መሆን የለበትም። ራሱ ብርሃኑን ለክቶ የሚተኩሰው፣ ቲቲኤል የሚባለው ዓይነት ለሰርግ ይመቻል። ቁጭ ብሎ ለሚጠብቃችሁ ሰው ግን ኃይሉን በእጅ የምታስተካክሉት ይበቃል። ለምሳሌ ጎዶክስ ቲቲ600 በአራት ትናንሽ የድንጋይ ባትሪዎች ይሠራል፤ የሬዲዮ መቀበያው ውስጡ ስላለ ሌላ ሪሲቨር አትገዙም። ዮንግኑዎ 560 በሦስተኛና በአራተኛ እትሙ እንዲሁ ነው። ብቻ የአንዱ ኩባንያ ትሪገር የሌላውን ፍላሽ ያዛል ብላችሁ አትገምቱ። ፍላሹንና ትሪገሩን ከአንድ ቤት ግዙ።

ትሪገሩ ከካሜራችሁ ጋር መስማማት አለበት። የካነኑ ለኒኮን፣ የኒኮኑ ለሶኒ አይሆንም። አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። የካሜራችሁን አናት፣ ፍላሽ የሚሰካበትን ብረት እዩት። መሃሉ ላይ ክብ ነጥብ አለ? ካነን 2000ዲ፣ 4000ዲና 250ዲ ይህ ነጥብ የላቸውም። ርካሹ ትሪገር በዚያ ነጥብ በኩል ነው የሚያወራው። ስለዚህ እነሱ ላይ ዝም ይላል። ካሜራውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ሰክታችሁ፣ ተኩሳችሁ፣ በዓይናችሁ አይታችሁ ክፈሉ። አንድ ሻጭ «ይሠራል፣ አትጠራጠር» ብሎኝ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ሁለቴ ተመላልሻለሁ።

ሶፍትቦክሱ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለፊትና ለደረት ይበቃል። እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው 80 ሴንቲ ሜትሩ ስምንት ማዕዘን ደግሞ ለግማሽ ቁመና ይሻላል፤ ለመሸከምም ይቀላል። 120 ሴንቲ ሜትሩን ለጊዜው ተዉት። በኛ ነፋስ ሸራ ነው፣ ይዟችሁ ይሄዳል። ውስጡ ሁለተኛ ነጭ ጨርቅ ያለውን ምረጡ። እሱ ከሌለ መሃሉ ብቻ ይፈካል፣ ዳሩ ይጨልማል።

ባትሪ ላይ አትቆጥቡ። ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት፣ 2,000 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ያለው ታማኝ ሥሪት፣ ከተራው ባትሪ ፈጥኖ ፍላሹን ይሞላዋል። በዚህ መጠን ባለ ባትሪ ላይ 4,000 ወይም 5,000 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ውሸት ነው። ያን ያህል የሚይዝ የለም። ሁለት ዙር፣ ማለትም ስምንት ፍሬ ይኑራችሁ። መብራት ሲጠፋ የምታመሰግኑት ራሳችሁን ነው።

ገንዘቡ ካልሞላ ሶፍትቦክሱን በእጅ መሥራት ይቻላል። የብስኩት ካርቶን ፈልጉ፤ አፉ 50 በ50 ገደማ ይሁን። ውስጡን የወጥ ቤት ፎይል ጨማደድ አድርጋችሁ ለጥፉበት። ከጀርባው የፍላሹን ጭንቅላት ልክ ብሱ። አፉን ነጭ አቡጀዲ ወጥራችሁ በስኮች ያዙት። አቡጀዲው ወደ ቢጫ ካደላ ፊቱም ቢጫ ይሆናል፣ ስለዚህ ታጥቦ የነጣውን ተጠቀሙ። የመጀመሪያው ዓመት የሠራሁት በዚህ ነው። ፍላሽ ቶሎ ቶሎ ካልተኮሳችሁበት ካርቶኑን አያሞቀውም። የሚበራ አምፖል ግን ካርቶን ውስጥ አታስገቡ፤ ቤት ይቃጠላል።

ሁለት ነገር ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው

አንደኛ፣ ርቀት። ክረምት ላይ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። ምድጃው አጠገብ ያለው ይላበዋል፣ በሩ ጋ ያለው ጋቢ ይደርባል። ብርሃንም እንደዚሁ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ሶፍትቦክሱን ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ስታርቁት ፊቱ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነው። ይህ ችግር ብቻ አይደለም፤ መሣሪያም ነው። መብራቱን ሰውዬው ጋ አስጠግታችሁ ሰውዬውን ከግድግዳው ብታርቁት ግድግዳው በራሱ ይጨልማል። ጥቁር መጋረጃ መግዛት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ስፋት። ፀሐይ ግዙፍ ናት፣ ግን ከእኛ ዘንድ ስትታይ አንዲት ሳንቲም ታክላለች። ለዚህ ነው ጥላዋ የሚቆርጠው። ደመና ሲሸፍናት ሰማዩ በሙሉ መብራት ይሆናል፣ ጥላውም ይሟሟል። ሶፍትቦክስ የግል ደመናችሁ ነው። ግን ሲርቅ ያንሳል፣ እንደ ፀሐይዋ ሳንቲም ይሆናል። «ሶፍትቦክስ ገዛሁ፣ ጥላው ግን አልለሰለሰም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሜትር ላይ እንዳቆመው ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ 3 ሜትር ላይ ነው።

አሁን አክስቴ ቤት እንግባ

1. ፍላሹን አጥፉ። ካሜራውን ማኑዋል፣ ሁሉም በእጅ በሚስተካከልበት ሞድ ላይ አድርጉ። አይኤስኦ 200፣ ሹተር (የመዝጊያው ፍጥነት) 1/160፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 5.6። ነጭ ሚዛኑን (ኋይት ባላንስ የሚባለውን የቀለም ማስተካከያ) የፍላሽ ምልክት ላይ አድርጉት። ፋይሉ ሮው፣ ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፎቶ ይሁን። አንድ ፎቶ አንሱ። ጥቁር ሆኖ ሊወጣ ይገባል። አትደንግጡ፣ የምንፈልገው እሱን ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃን ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚታየው ሁሉ እናንተ ያበራችሁት ብቻ ይሆናል። መስኮቱ አሁንም ከታየ አይኤስኦውን ወደ 100 አውርዱት።

2. ሹተሩን ከ1/200 በላይ አታስኪዱት። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር የሚግባቡት እስከ 1/160፣ 1/200 ወይም 1/250 ድረስ ነው። ካለፋችሁ ከፎቶው ዳር ጥቁር መጋረጃ ይወርዳል። ካሜራው ተበላሸ ብሎ ለጥገና የወሰደ ወዳጅ አለኝ።

3. ትሪገሩንና ፍላሹን አንድ ቻናል ላይ አድርጉ። ሌላ ፎቶ አንሺ አጠገባችሁ ካለ ቀይሩት፤ አለበለዚያ የሱን ቀጭታ የናንተ ፍላሽ ይመልሳል። ሰርግ ቤት ይህ የተለመደ ነው።

4. የፍላሹን ዙም 24 ወይም 35 ሚሊሜትር ላይ አድርጉት። 105 ላይ ከተዋችሁት ብርሃኑ የሶፍትቦክሱን መሃል ብቻ ይወጋል።

5. ሰውዬውን ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል አርቃችሁ አስቀምጡ። በርጩማ ቆንጆ ነው። ወንበር ላይ ሰው ይለጠጣል፤ በርጩማ ላይ ግን ወገቡን ያቀናል።

6. ሶፍትቦክሱን ከፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን፣ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ አቁሙት። ርቀቱ ሁለት ክንድ ግድም። ለምን ሁለት ክንድ? የ60 በ60 ሶፍትቦክስ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መብራቱ ከሰፋበት ልክ ብዙ ካልራቀ ለስላሳ ነው። ቁመቱ ደግሞ የታችኛው ጠርዝ አገጭ ጋ እንዲሆን አድርጋችሁ ወደ ታች ጎንበስ አድርጉት። ከታች ወደ ላይ የሚመታ ብርሃን የእሳት ዳር ተረት ነው። ጅብ ሲተረት ያምራል፣ ለአክስት አይሆንም።

7. ኃይሉን 1/16 ላይ አድርጋችሁ ተኩሱ።

አሁን ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዓይን። ብሌኑ ላይ ወደ ጎን ከፍ ብላ ነጭ ነጥብ አለች? ካለች ዓይኑ ሕያው ነው። ከሌለች መብራቱ ከልክ በላይ ተሰቅሏል፣ አውርዱት። ቀጥሎ የአፍንጫ ጥላ። ወደ ከንፈር ዳር ሰያፍ ወርዶ ቢቆም ጥሩ ነው። ከንፈሩን አቋርጦ ከሄደ መብራቱን ወደ ፊት ለፊት ሳብ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ነው ድምቀት። ከደመቀ ወደ 1/32፣ ከጨለመ ወደ 1/8። እያንዳንዱ እርምጃ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል ወይም በእጥፍ ይጨምራል። ሹተሩን በማዘግየት ፍላሹን ለማድመቅ አትድከሙ፤ የፍላሹ ብልጭታ ከሹተሩ በጣም ስለሚፈጥን አይሰማውም። ሹተር የሚገዛው የቤቱን ብርሃን ነው። አፐርቸርና አይኤስኦ ግን ሁለቱንም ይገዛሉ።

ነጠላው

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት፣ ከሥሩ ደግሞ በረዶ የመሰለ ነጠላ። ለፊቱ ስታስተካክሉ ነጠላው ይቃጠላል። ለነጠላው ስታስተካክሉ ፊቱ ይጠፋል። የአክስቴ ጥበብ የት እንደገባ አሁን ገባችሁ። ነጠላው ነጭ ነው።

መጀመሪያ ካሜራችሁ ላይ የተቃጠለ ነጭ የሚያብለጨልጭበትን ማስጠንቀቂያ አብሩ። ሜኑው ውስጥ አለ። ፎቶው ሲታይ ነጠላው ጥቁርና ነጭ እያለ ብልጭ ድርግም ካለ ክሩ ጠፍቷል፤ ኮምፒውተር ሁልጊዜ አይመልሰውም።

መፍትሔው ኃይል መቀነስ ብቻ አይደለም። ሶፍትቦክሱን አዙሩት። ፊቷን ቀጥ ብሎ እንዲያይ አታድርጉ። መሃሉ ከአፍንጫዋ ፊት አልፎ ወደ ባዶው እንዲሄድ፣ ጠርዙ ብቻ እንዲነካት አድርጋችሁ አንድ 20 ዲግሪ ጠምዝዙት። ከዚያ ከፍ አድርጉትና ወደ ታች ማጎንበሱን ቀንሱ። አሁን ወደ መብራቱ የቀረበው ትከሻ የሚያገኘው የደከመውን የብርሃን ዳር ነው። ፊቷ ግን አሁንም በቂ ያገኛል። ነጠላው ላይ እጥፋቱ ይመለሳል፣ ከዚያ የሽመናው መስመር፣ በመጨረሻ ጥበቡ። አክስቴን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነሳት አረንጓዴው ክር ከወርቃማው ተለይቶ ሲወጣ አይቼ ጮህኩ። እሷ ደግሞ ቀሚሱን ያቃጠልኩ መስሏት ብድግ አለች።

ስለ ቆዳም አንድ ነገር። ጥቁር ፊት ብዙ ብርሃን ይፈልጋል ይባላል። እኔ አልስማማም። ጥቁር ፊት የሚፈልገው ሰፊ ብርሃን ነው። ቆዳችን ብርሃንን እንደ መስታወት ስለሚመልስ በትንሽ ፍላሽ ግንባር ላይ ነጭ ቁራጭ ይፈጠራል። ምንጩ ሲሰፋ ያ ቁራጭ ይለጠጥና የጉንጩን አጥንት ተከትሎ የሚፈስ ወዝ ይሆናል። ቅቤ የተቀባ ፀጉርም እንዲሁ ነው። በባዶ ፍላሽ ሲታይ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። በሶፍትቦክስ ግን ሹሩባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስለዚህ «ፊትሽን ጥረጊ» ከማለታችሁ በፊት መብራቱን አስጠጉ።

በጥላው በኩል ያለው ጉንጭ ከልክ በላይ ከጨለመ ጋቢ አምጡ። አንድ ልጅ በሁለት እጁ ዘርግቶ ከጥላው ጎን ይቁም። የሶፍትቦክሱን ብርሃን ተቀብሎ ይመልሰዋል። ገንዘብ አውጥቶ ሪፍሌክተር መግዛት ይቻላል፣ ግን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጋቢ የሌለበት ቤት አላጋጠመኝም። ቀለም ያለውን ብርድ ልብስ ግን አትጠቀሙ። ቀዩ ጉንጩን ያቀላዋል።

ቡናው ሲፈላ

ጭስ ከፊት በመጣ ብርሃን አይታይም። መብራቱን ከኋላ ውሰዱት። ሶፍትቦክሱን ከቡና አፍይዋ ጀርባ፣ ወደ ጎን፣ ካሜራው በማያየው ቦታ አቁሙት። ከጀርባ ያለው ግድግዳ ጨለማ ይሁን። የዕጣኑ ጭስ አንድ በአንድ ተለይቶ ይወጣል። ፊቷ ላይ ብርሃኑን በጋቢው መልሱት። ፍሙ እንዲቀላ ከፈለጋችሁ ሹተሩን ወደ 1/30 አዘግዩት። አሁን የቤቱ ብርሃን ተመልሶ ይገባል፣ ፍሙም ያበራል። ቤቱ ውስጥ ቢጫ አምፖል ካለ ፍላሹ ከሱ ጋር ሲተያይ ሰማያዊ ይመስላል። የፍላሹ ፊት ላይ ብርቱካናማ ጄል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለማም ፕላስቲክ፣ በስኮች ለጥፋችሁ ነጭ ሚዛኑን ወደ አምፖሉ ምልክት ውሰዱት። ያኔ ሁለቱ ይታረቃሉ።

ደጅ ስትወጡ

እኩለ ቀን ላይ ትንሿ ፍላሽ ከፀሐይ ጋር መታገል አትችልም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጠራ ባለ ቀን፣ አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/200 ሲሆን አፐርቸሩ ኤፍ 11 ገደማ ይጠየቃል። በዚያ አፐርቸር ሶፍትቦክስ ውስጥ ያለ ፍላሽ ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ፣ 1 ሜትር ላይ ቆሞ፣ በጭንቅ ነው የሚደርሰው። በየተኩሱ መካከል ደግሞ ብዙ ሰከንድ ትጠብቃላችሁ። ባትሪውም ያልቃል። ከፍተኛ ፍጥነት የሚባለው ሞድ ሹተሩን ከ1/200 በላይ ያስኬዳል፤ ኃይሉን ግን ይበላዋል። ስለዚህ ብልጠቱ ባህር ዛፍ ጥላ ሥር መግባት ወይም እስከ 11 ሰዓት መጠበቅ ነው።

11 ሰዓት ላይ ሰውዬውን ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥታችሁ አቁሙት። ፍላሹን አጥፉና መጀመሪያ ሰማዩን ብቻ ለኩ። ሰማዩ ቀለሙን እስኪይዝ ድረስ አጨልሙት። ሰውዬው ጥላ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ሶፍትቦክሱን በ1/4 ጀምሩ። ፀሐይዋ በየደቂቃው ስለምትደክም ሹተሩን እያዘገያችሁ ተከተሏት፤ ፍላሹን አትንኩ። ፊቱ እንደነበረ ይቆያል፣ ሰማዩ ብቻ ይለዋወጣል።

ጣርማ በር አፋፍ ላይ፣ ደብረ ሲና ቁልቁል በምትታይበት፣ አንድ ካባ የደረቡ አባት እንዲህ ሳነሳ ነበር። ሶፍትቦክሱን ዘርግቼ ስታንዱ ላይ ሳወጣው አዩኝና «ዝናብ የለ፣ ፀሐይዋም ልትገባ ነው፣ ጃንጥላው ለማን ነው?» አሉኝ። «ለእርስዎ ነው አባባ፣ ትንሽ ወደዚህ ቀና ይበሉልኝ» ከማለቴ ነፋሱ መጣ። ስታንዱ፣ ፍላሹ፣ ሶፍትቦክሱ አንድ ላይ ተንከባለሉ። ገደሉ አፍ ላይ ያስቆመው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። የፍላሹ እግር ተሰበረ። አባባ ዱላቸውን ተደግፈው «ነግሬህ ነበር» አሉ፤ ምንም አልነገሩኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደጅ ላይ እንዲህ ነው የማደርገው። ባዶ ማዳበሪያ ይዤ እሄዳለሁ፤ እዚያው ደርሼ ድንጋይ ወይም አሸዋ እሞላዋለሁ። ከስታንዱ መሃል፣ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አንጠለጥለዋለሁ። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ሶፍትቦክሱ ወዳጋደለበት አቅጣጫ ይዘረጋል። ነፋሱ ከጠነከረ ስታንዱን ትቼ ለሰው አስይዛለሁ። ከማዳበሪያ ሰው ይሻላል፤ «ትንሽ ወደ ግራ» ሲባል ይሰማል።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። የቀዘቀዘ ባትሪ ሳያልቅ ያለቀ ይመስላል። ትርፉን ባትሪ ከካፖርቱ ውስጥ፣ ደረት ኪስ አድርጉት። ከጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ወርዳችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ቦርሳውን ወዲያው አትክፈቱ። የቀዘቀዘ ሌንስ ሞቃት አየር ሲያገኝ ያልበዋል። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። እስከዚያ ፓፓያ ብሉ።

ፈቃድ መጠየቅ አይረሳ። ቅዳሴ ላይ ፍላሽ አይተኮስም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሜራ ማውጣት ራሱ አባቶችን ጠይቆ ነው። ፈረስና በቅሎ ፊት ስትተኩሱ ባለቤቱ ልጓሙን ይያዝ፤ መጀመሪያ አንድ ሁለቴ ከሩቅ ተኩሳችሁ አለማምዱ።

አልበራ ሲል

የምፈትሸው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ትሪገሩ በርቷል? እስከ ጥጉ ተሰክቷል? ቻናሉ አንድ ነው? ፍላሹ መቀበያ ሞድ ላይ ነው ወይስ ራሱን ችሎ ነው ያለው? ካሜራው ድምፅ አልባ ሹተር ላይ ከሆነ ብዙ ካሜራዎች ፍላሹን አያዙም፤ ወደ ተራው መልሱት። በቀጥታ ስክሪን እያያችሁ ሲሆን የማይተኩሱም አሉ፤ በቀዳዳው እያያችሁ ሞክሩ። አንዳንዴ ፍላሹ በጣም ሲጠጋም ምልክቱን ይስታል፤ አንድ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ በሉ። ሁሉም ደህና ሆኖ እምቢ ካለ ባትሪዎቹን አውጥታችሁ አቅጣጫቸውን እዩ። እኔ አክስቴ ቤት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስፈታታ ቆይቼ አንዱ ባትሪ ተገልብጦ ነው ያገኘሁት። ያገኘችውም እሷ ናት፤ በሬዲዮዋ ስለምታውቀው።